በሰላም ገብተናል

ድሮ ከናዝሬት ወደ ሻሸመኔ ለሠርግ ስንወርድ፣ አባቴ ቡና እንኳ ሳይቀምስ ደብዳቤ ለመጻፍ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሉክ ወረቀት ከሠርገኛው ቤት ልጅ ደብተር መሐል ይወጣለታል፤ «በሰላም ገብተናል» ብሎ ይጀምርና የመንገዱን ሁኔታ፣ የዘመዱን ጤና፣ የሠርጉን በሬ ውፍረት ሳይቀር ዘርዝሮ ለአያቴ ይጽፍላታል። በማግስቱ ፖስታ ቤት ይወስደዋል። እኛ ሠርጉን በልተን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ቆይተን ናዝሬት ስንመለስ ደብዳቤው ገና አልደረሰም። ከቀናት በኋላ ከአባቴ መሥሪያ ቤት ሣጥን ይወጣና ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ይነበባል። ከሠርግ የተመለስነው ሁላችንም ፊቷ ተደርድረን ሳለ አያቴ ነጠላዋን አስተካክላ ታዳምጣለች፤ «በሰላም ገብተናል» የሚለው ሲነበብ «ተመስገን!» ትላለች። ከልቧ ነው የምትለው። ለእሷ በሰላም መግባታችን የተረጋገጠው ያን ቀን ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያው አቅጣጫ ለሌላ ሠርግ ወረድን። የእህቴ ልጅ ያለንበትን ቦታ በስልኳ ከፍታ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀችው። ኮካ አጠገብ ዓሣ ልንበላ ወረድን። ዓሣው ገና ዘይት ውስጥ ሳለ ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ «ምን ሆናችሁ? ለምን ቆማችሁ?» ብሎ ጻፈ። እዚያ ገና ሌሊት ነው። መቂን ስናልፍ «ሹፌሩ ቀስ ይበል» የሚል መጣ፤ ይህ ደግሞ ከሪያድ ነው። ሻሸመኔ ስንደርስ «በሰላም ገብተናል» ለማለት አፉን የከፈተ ሰው አልነበረም። መግባታችንን እኛ ከመኪና ሳንወርድ ሦስት አገር ያውቀዋል። አክስቴ ብቻ በር ላይ ቆማ፣ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ፣ «በሰላም ገባችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ስልኳ ቻርጅ ላይ ነበር።

ድሮ መንገዱ ራሱ ወሬ ነበረው። ከመናኸሪያ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተን ሞጆ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም። ረዳቱ «ሞጆ ወራጅ!» ሳይል ብርቱካን፣ ሸንኮራና ቆሎ በመስኮት ይገባል። ኮካ ላይ አባቴ ሁልጊዜ የማይቀር ንግግር ነበረው፤ ግድቡ በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ማለቁን፣ ሐይቁ የመጣው ከእሱ በኋላ መሆኑን ለማያውቁት ተሳፋሪዎች ጭምር ያስረዳል። ከኋላ ወንበር አንዱ ይከራከረዋል። ክርክሩ መቂ ድረስ ይዘልቃል፤ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ያቋርጠዋል። ዝዋይ ፓፓያ ነው። ላንጋኖ በግራ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ ይታያል፤ በቀኝ አብያታ፣ ዳር ዳሩ ሮዝ ሆኖ። ሮዝ የሚያደርገው ፍላሚንጎ መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ልጅ እያለሁ ውኃው ራሱ ዳሩ ላይ የሚቀላ ይመስለኝ ነበር። ነገሌ አርሲ ላይ ከተሳፋሪው ግማሹ ወርዶ ሲመለስ ትንፋሹ ተለውጦ ነው የሚመለሰው። የነገሌ አረቄ ዝናው የዛሬ አይደለም።

ሹፌሩ ደግሞ ግማሽ ፖስተኛ ነበር። ደብዳቤ በእጅ መላክ ከፖስታ ቤት ይልቅ ይታመናል፤ ይፈጥናልም። ዝዋይ መናኸሪያ አንዲት ሴት ፖስታ ታቀብለዋለች፤ ቡልቡላ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ ያገኛቸዋል። የታሸገ ደብዳቤ በእጅ መላክ ትንሽ ነውር ቢጤ ነበር፤ «አላመነኝም» ያሰኛል። ስለዚህ ሳይታሸግ ይላካል፤ አድራሹም እንደማያነብ ይታሰባል። ያነባል እንጂ! እኔ የማውቃቸው ሹፌሮች ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደተጣላ ያውቁ ነበር። ግን ያወቁትን ለባለቤቱ ሳይደርስ አያወሩትም። ይህ የሙያ ሥነ ምግባር በየትኛው ትምህርት ቤት እንደተሰጠ አላውቅም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ በአመዛኙ በባቡር ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጣቢያው ናዝሬት ከተማ ውስጥ፣ ጋሪዎች ከበር ተደርድረው። እንግዳ የሚቀበል ሰው ባቡሩ የሚገባበትን ሰዓት አይጠይቅም፤ ፊሽካው ሲሰማ ከቤቱ ይወጣል፣ ይደርሳል። ያ ባቡር 2000 ዓ.ም. ግድም ሥራውን አቆመ። መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ እስከ ጅቡቲ ሐዲዱ አዲስ ነው፤ ንጹሕ ነው። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ባጃጅ መሳፈር ያስፈልጋል።

የፍጥነት መንገዱ ነገሩን ሁሉ ጨረሰው። በ2007 ዓ.ም. መባቻ ከተመረቀ ወዲህ አዳማና አዲስ አበባ ጎረቤት ሆነዋል፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር፣ መግቢያና መውጫው ላይ ክፍያ። አሁን ደግሞ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ በኩል ወደ ባቱ የሚወርደው ተጨምሯል። ዝዋይ ባቱ ሆኗል፤ ናዝሬትም በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ አዳማ ተመልሳለች፤ እናቴ እስከ ዛሬ ሁለቱንም እያፈራረቀች ትጠራለች፤ ማንም ቅር አይለውም። አጥር ያለው መንገድ ላይ ብርቱካን በመስኮት አይገባም። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ስለ ኮካ ግድብ የሚያስረዳ የለም፤ የሚከራከርም የለም። በሌላ በኩል ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ምጧ ጠንቶባት ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ስትላክ አምቡላንሱ የወሰደው አንድ ሰዓት ነው። በድሮው መንገድ፣ በደብረ ዘይትና በዱከም በኩል፣ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ብርቱካኑን ለእሷ ሰጥቻለሁ።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። በሰፈራችን ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ስደርስ እጅ ጽሑፌ ይነበባል ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ነፃነት አልነበረኝም። የሰፈሩ እናቶች ማንበብ አያውቁም ማለት አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የእናቴንም በር አንኳኩቷል፤ ምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ ከቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ አለ። ስሟን ትጽፋለች፣ የሱቅ ሰሌዳ ታነባለች። ግን ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ሌላ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ በሊጥ ያልራሰ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ክፍያው ዳቦ፣ አንዳንዴ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው።

መግቢያው የታወቀ ነው፤ ማንም አይነግረኝም። «ካለሁበት ሆኜ የከበረ ሰላምታዬ በሰማይ ከዋክብት በባሕር አሸዋ ቁጥር ይድረስህ። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው ደህና ነኝ።» ይህ ገጹን ሩብ ይወስዳል። ባለደብዳቤዋ ካለቀሰች ይጨመርበታል። ችግር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ያንን ውሻ እንዲህ በልልኝ!» ብላ ትጀምራለች። የምትለውን ሁሉ እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ ያኔም አልጻፍኩትም። «የቤት ወጪ ስላነሰን በተቻለህ መጠን ብታስብበት» ብዬ እዘጋዋለሁ። «ጻፍከው?» ትላለች። «ጻፍኩት እትዬ።» «አንብበው እስቲ!» ሳነብላት ዝም ብላ ትሰማና «እህ፣ ይሁን» ትላለች። ባልየው በወሩ ብር ይልካል። ማን ያውቃል፣ ውሻ ተብሎ ቢሆን ላይልክ ይችል ነበር።

ከወንጂም ደብዳቤ አስጻፊ ይመጣ ነበር። ወንጂ ከአዳማ እጅግ ቅርብ ናት፤ ሆላንዶቹ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የስኳር ፋብሪካ ካቆሙባት ጊዜ ጀምሮ የሸንኮራው ሥራ ከደቡብ ድረስ ሰው ይጎትት ነበር። ከከምባታና ከወላይታ የመጡት ሠራተኞች ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ደብዳቤ የሚጽፍ ይፈልጋሉ። እነሱ የሚያስጽፉት አጭር ነው፤ ብር ልኬአለሁ፣ ላሟ እንዳትሸጥ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ። ሰላምታው ከቁም ነገሩ ይበልጣል። አንዳንዱ ሰላምታውን በቃሉ ስለሚያውቀው እኔን ያርመኛል።

ከባዶቹ ለወታደር የሚጻፉት ነበሩ። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ከሰፈራችን ልጆች ወደ ሰሜን ሄዱ። አድራሻቸው የጦር ክፍል ቁጥር ነው፤ ከተማ የለውም። አንዲት እናት «አሞኝ እንደነበር እንዳትጽፍ» ትለኛለች፤ ከደጃፍ ባሏ ደግሞ «አሟት እንደነበር ጻፍበት፣ ፈቃድ ይሰጡት ይሆናል» ይለኛል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ በባልና ሚስት መካከል ብዕር ይዤ እቀመጣለሁ። መልሱ ሲመጣ የማነበውም እኔ ነኝ። ደብዳቤ የሚያነብ ልጅ ዓይኑ ከአፉ አንድ መስመር መቅደም አለበት፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም። ክፉ ነገር ካለ ድምፅ ሳይለወጥ መዝለል፣ ከዚያ አባትየውን ለብቻ ጠርቶ መንገር።

አሁን እናቴ ጸሐፊ አያሻትም። ስልኳ ላይ የማይክራፎኑን ምልክት ጫን አድርጋ ትናገራለች፣ ትለቃለች፣ ሄደ። አንዳንዱ መልእክት ሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ መሐል ላይ ውሻ ስትገሥጽ፣ ከጎረቤት ጋር ስትጨዋወት፣ ወጥ ስታማስል ይሰማል። የከዋክብትና የአሸዋ ሰላምታ የለም። «አንተ! ለምን አትደውልም? ሆድህ ብቻ ነው የሚያድገው» ብላ ትጀምራለች። ወንድሜ ሚኒሶታ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲሰማው ከት ብሎ እንደሚሥቅ ነግሮኛል። እህቴ ደግሞ ስለ ትዳሯ የተላከላትን ሰምታ ለሁለት ሳምንት አኩርፋለች።

እውነቱን ለመናገር እናታችን ይህን ያህል ቀልደኛ፣ ይህን ያህልም ምላሰ ስል መሆኗን ውጭ ያሉት ልጆቿ ያወቁት አሁን ነው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የነበረችው ሴት ጨዋ፣ ታጋሽ፣ ሁሉን ለእግዚአብሔር የምትሰጥ ነበረች። ያቺን ሴት የፈጠርናት እኔና የትምህርት ቤቱ የሰዋስው መምህር ነን። ወንድሜ አሁንም አንዳንዴ የድሮዋ ትናፍቀዋለች። አጠገቡ ስላልሆነች ይሆናል።

በነገራችን ላይ የድምፅ መልእክት ለእኛ ፍጹም አዲስ አልነበረም። በ1980ዎቹ ወደ ውጭ ለሄደ ሰው በካሴት ድምፅ ቀርጾ መላክ ነበር። ቤተሰቡ ቴፑን ከብቦ ይቀመጣል፣ ልጆች ይዘምራሉ፣ አያት ይመርቃሉ፣ አንዱ «እየቀዳ ነው እንዴ?» ይላል፤ ይህም ይቀዳል። ካሴቱ ተጓዥ ተለምኖ በሻንጣ ይሄዳል። መልሱ ከስድስት ወር በኋላ ይመጣል። ልዩነቱ ካሴቱን ለመቅዳት ሰው ለብሶ መምጣቱ ነበር። የሚሰማው ድምፅ ብቻ መሆኑን እያወቀ ጋቢውን አጥቦ የሚመጣ ሽማግሌ አይቻለሁ።

ኢንተርኔት ወደ አገር የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም ናዝሬት በየመንገዱ ኢንተርኔት ቤት ያየችው ቆይታ ነው። ያኔ አማርኛችንን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ ወንድሜ ከላከው ኢሜይል ግማሹን የማነበው ጮክ ብዬ ነው፤ በዓይን አይገባም። ሞባይል ስንይዝ ደግሞ ከ1997 ምርጫ በኋላ የአጭር ጽሑፍ መልእክት ተዘጋና እስከ 2000 ዓ.ም. ዋዜማ ድረስ ስልኩ ለማውሪያ ብቻ ሆነ። ሁለት ዓመት ከጽሑፍ አረፍን። ዛሬ የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ታዲያ እንዴት ትኖሩ ነበር?» አለችኝ። ሚስድ ኮል ነበር አልኳት። አንድ ጊዜ ከጮኸ ደርሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ከጮኸ ደውልልኝ፣ ሦስት ጊዜ ከጮኸ ካርድ ጨርሻለሁ።

የጉዞ ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ከአባቴ ወርሻለሁ። ደብተሮቹ አሉኝ፤ የላንጋኖ ዳርቻ ምሳ፣ የሶደሬ ዝንጀሮ ከእጄ የነጠቀኝ ሙዝ፣ የአክስቴ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ሁሉ ተጽፏል። አክስቴ ስለ ሻይዋ የተጻፈውን ሳታውቅ በሰላም ኖራለች። ዛሬ የምጽፈው ስልኬ ላይ ነው፤ ጽፌ ሳልጨርስ ዘመድ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ዘመዶቼ አጠገቤ ሲቀመጡ ንግግራቸውን «ይህን እንዳትጽፈው እንጂ…» ብለው ይጀምራሉ። ከእነሱ መካከል የሚያነብ አለ ማለት ግን አይደለም። አብያታ በየዓመቱ እየሸሸ ስለመሆኑ፣ ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ዳርቻው ነጭ ሜዳ ሆኖ ስለመቅረቱ፣ ልጅ እያለሁ ከአውቶቡስ መስኮት የማየው ሮዝ መስመር ስለመራቁ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር። የአክስቴ አስተያየት ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ ሦስት አበባና «እንኳን ደስ አለህ የኔ ጌታ»። ፎቶው ላይ ፈገግ ብዬ ስለነበር ነው።

ደብተሩን ማንም አላነበበውም፤ ስልኩ ላይ ያለውንም ማንም አላነበበውም። ልዩነቱ ለሁለተኛው አበባ ይሰጣል። አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ስለ ላንጋኖ የጻፍኩትን አይቶ ጀርመን የሚኖር ሰው «የአባትህን ስም አስታወስኩት፤ ዝዋይ አስተምሮኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ደብተር ይህን አያደርግም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ልምጣ፤ ወደ መርዶ። ድሮ ሞት በደብዳቤ አይጻፍም። ይህ ሕግ ነበር፤ ለእኔ ለትንሹ ጸሐፊ እንኳ ተነግሮኛል። የሚጻፈው «ትንሽ አሟታልና በቶሎ ና» ነው። የሚያነበው ሰውም ያውቃል፣ የማያውቅ መስሎ ይመጣል። መርዶ የሚነገረው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤት፣ የነፍስ አባት ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ ገብቶታል። ግን የሚይዘው እጅ አለ፣ ውኃ የሚያቀብለው አለ፣ ሴቶቹ በጓሮ ቡናውን ጥደዋል። ከውጭ አገርም ቢሆን እንዲሁ ነበር፤ ወንድሜ አያታችን ስትሞት የሰማው ከአርባዋ በኋላ ነው፤ ጓደኞቹ በእሑድ ተሰብስበው፣ ምግብ ይዘው ሄደው ነገሩት። «ስበላ ስጠጣ ከርሜ» ብሎ በዚህ እስከ ዛሬ ያዝናል። አዎ፣ ሕጉ ለቅርብ እንጂ ለሩቅ ሰው አልተመቸም።

አሁን ፌስቡክ ላይ የተለኮሰ ሻማ ይቀድማል። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው የአጎቴ ልጅ የእናቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ያየችው የአሠሪዎቿን ምሳ ስታቀርብ ነው። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ዘመድ እንኳ አይደለም፤ የሰፈር ልጅ ነው፤ «ነፍስ ይማር» ለማለት ቸኩሎ። ከሥሩ ብዙ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። ሳህኑን አስቀምጣ ምሳውን ጨርሳ አቅርባ ነው ወደ ክፍሏ የገባችው። በሌላ በኩል ቀብሩን በቀጥታ በኢሞ አይታዋለች፤ ስልኩን የያዘው ልጅ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብር አደረሳት። የእድሩን መዋጮ በቴሌብር ላከች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ብጠይቃት «ሁለቱንም አልፈልግም፤ እዚያ መሆን ነበር የምፈልገው» አለችኝ።

ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ሻሸመኔ ደግሞ ስትቃጠል፣ ዘመዶቻችን የት እንዳሉ ያወቅነው በሹፌር ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር «ደህና ነን» የሚል የደብተር ወረቀት ከሻሸመኔ አመጣልን። ሳይታሸግ። ማንበቡን አልተጠራጠርኩም፤ ስለ ይዘቱ ግን እናቴ ከፍታ እስክታነበው ድረስ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ከአጎቴ ሚስት፣ ከሪያዷ ልጅ እናት፣ ሞት በኋላ መርዶ ዳግመኛ በስልክ እንዳይቀድም ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ። ባለፈው ክረምት ባቱ ያለችው አክስታችን ማታ ስታርፍ፣ አጎቴና ሁለት የዕድሩ አባላት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እህቴ ቤት ሄዱ። የፈለጉት እህቴን አልነበረም። የቴሌግራም ቡድኑ አስተዳዳሪ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ቡድኑን ዝጊልን፤ ማንም እንዳይጽፍበት።»

«እስከ ስንት ሰዓት ልዝጋው ጋሼ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አሜሪካ እስኪነጋ» አለ አጎቴ።

ዘጋችው። አሜሪካ ያሉ ጓደኞች ተነገራቸው፤ እንደ ወጉ ማልደው የወንድሜን በር ሊያንኳኩ ተስማሙ። በሩን ሲያንኳኩ ወንድሜ ለብሶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ሳሎን ተቀምጦ አገኙት። «ቡድኑ ሲዘጋ ገባኝ» አላቸው። «ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።»

ከዚያ ወዲህ የእህቴ ልጅ ቡድኑን መዝጋት አትችልም። ባለፈው ወር አንድ የማይታወቅ ሰው ብር አበዛለሁ የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍበት እሱን እስክታስወጣ ድረስ ለአሥር ደቂቃ ዘጋችው። ከሚኒሶታ፣ ከሪያድና ከጀርመን ተደወለ። እናቴም፣ ከጎኗ ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ማን ሞተ?» አለቻት።